በግድግዳ ላይ የተቀረጸው የፑንት ጉዞ፦ የሀትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ምርምር ስለ አካባቢያችን የሚናገረው

በክረምት ወራት በጋይንት፣ በእስቴና በፋርጣ መካከል ከፍ ብሎ በሚታየው የጉና ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በርብና በጉማራ ወንዞች አማካይነት ጣና ሐይቅ ይገባል፤ ከፊሉም በስማዳ በኩል ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ውኃው በየትኛውም በኩል ቢወርድ መድረሻው ዓባይ ነው። ጉባ ላይ የተገነባውንና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀውን ታላቁን የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ ከዚያም የሱዳንን በረሃ አልፎ ወደ ግብጽ ይገባል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ በ1970 እስኪጠናቀቅ ድረስ ከደጋው ታጥቦ የሚወርደው አፈር ሳይቀር ሉክሶር የተባለችው የግብጽ ከተማ ዳርቻ ላይ በየዓመቱ ይተኛ ነበር።

ከሉክሶር ፊት ለፊት፣ ከወንዙ በስተምዕራብ፣ በገደል ሥር ተጠግቶ የተሠራ ባለ ሦስት እርከን ቤተ መቅደስ አለ። ሥፍራው በዐረብኛ ደይር ኤል ባሕሪ ይባላል፤ «ሰሜናዊው ገዳም» ማለት ነው። ይህን ስም ያገኘው ጥንታዊው ሕንፃ ከፈረሰ በኋላ የግብጽ ክርስቲያኖች በፍርስራሹ ላይ ገዳም ሠርተው ስለነበር ነው። ቤተ መቅደሱን ያሠራችው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1479 እስከ 1458 ገደማ ግብጽን በፈርዖንነት የገዛችው ሀትሼፕሱት ናት።

ስለዚህ ቤተ መቅደስ ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን መጻፍ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በመካከለኛው እርከን ደቡባዊ ክንፍ በሚገኘው ግድግዳ ላይ ፑንት ወደተባለች አገር የተደረገ የባሕር ጉዞ በዝርዝር ተቀርጿል። ፑንት የት ነበረች የሚለው ጥያቄ ከ150 ዓመት በላይ ተመራማሪዎችን ሲያከራክር የቆየ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት የተገኙት ማስረጃዎች አብዛኞቹ የሚያመለክቱት ወደ አፍሪካ ቀንድ ነው። በአገራችን በየመድረኩና በየበራሪ ወረቀቱ «ፑንት ኢትዮጵያ ናት» ተብሎ ሲነገር መስማትና ማንበብ የተለመደ ነው። አባባሉ ከየት ተነሣ? ማስረጃውስ እስከምን ድረስ ይደግፈዋል? ይህን ለይቶ ማወቅ በተለይ በባህል፣ በቱሪዝምና በትምህርት ዘርፍ ለተሰማሩ የመንግሥት ሠራተኞች ጠቃሚ ይሆናል።

በመጀመሪያ የቤተ መቅደሱን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ደይር ኤል ባሕሪ መቃብር አይደለም። የሀትሼፕሱት መቃብር ከገደሉ ጀርባ፣ የነገሥታት ሸለቆ በሚባለው ቦታ ተፈልፍሎ የተዘጋጀ ነው። ቤተ መቅደሱ የተሠራው ንጉሡ ካረፈ በኋላ ስሙ እየተጠራ፣ መሥዋዕት እየቀረበና ዕጣን እየታጠነ መታሰቢያው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ነው። ሃይማኖቱ ፈጽሞ የተለየ ቢሆንም፣ ለሞተ ሰው ተዝካር ማውጣትን ለሚያውቅ የአገራችን ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ የፈርዖኖቹ ተዝካር ለዘለዓለም ይቀጥላል ተብሎ የራሱ ካህናትና ንብረት የሚመደብለት መሆኑ ነው። ከአሙን አምላክ አገልግሎት ጋር የተያያዘው ይህ ሥርዓት ያለ ዕጣን የማይታሰብ በመሆኑ፣ ዕጣን የሚገኝበትን አገር መፈለግ ለፈርዖኖቹ የመንግሥት ጉዳይ ነበር።

የሥነ ቅርጹ ትረካም ከዚህ ይነሣል። ጉዞው የተደረገው በንግሥቲቱ ዘመን በ9ኛው ዓመት ሲሆን መሪው ነህሲ የተባለ ሹም ነበር። አምስት መርከቦች በሸራና በመቅዘፊያ ሲጓዙ ይታያሉ። ከመርከቦቹ በታች የተቀረጹት ዓሦች በዝርያቸው ሊለዩ እስኪቻል ድረስ በጥንቃቄ የተሠሩ ሲሆን፣ በርካቶቹ የቀይ ባሕር ዓሦች መሆናቸው ተረጋግጧል። ግብጻውያኑ ሲደርሱ የሚቀበሏቸው ፓራሁ የተባለው የፑንት አለቃና አቲ የተባለችው ሚስቱ ናቸው። የፑንት ሰዎች ቤቶች በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የተሠሩና በመሰላል የሚወጣባቸው ናቸው። ወደ መርከቦቹ ከሚጫነው መካከል ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ጥቁር እንጨት፣ የነብር ቆዳ፣ ሕይወት ያላቸው ዝንጀሮዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክምር ሙጫና ከነሥራቸው ተነቅለው በቅርጫት የተተከሉ የዕጣን ዛፎች ይገኙበታል። የዛፎቹ ቁጥር 31 መሆኑ ተጽፏል። ሕይወት ያለውን ዛፍ ከአገሩ ነቅሎ ባሕር አሻግሮ በሌላ አገር ለመትከል የተደረገ ሙከራ በሥዕልና በጽሑፍ ተመዝግቦ ሲገኝ ከቀደምቶቹ አንዱ ይህ ነው።

በጽሑፉ «አንቲዩ» ተብሎ የተጠራው ሙጫ ዕጣን ነው ወይስ ከርቤ በሚለው ላይ ባለሙያዎች እስከ አሁን አልተስማሙም። ቀራጮቹ ቅጠል የሞላበትንና ቅጠል የሌለውን ዛፍ ለይተው በማሳየታቸው ክርክሩ የበለጠ ተወሳስቧል።

ይህ ሁሉ ዛሬ ሊነበብ የቻለው ከ200 ዓመታት በላይ በወሰደ የቁፋሮ፣ የመገልበጥና የመጠገን ሥራ ነው። በናፖሊዮን ዘመቻ ወቅት፣ እ.ኤ.አ ከ1798 እስከ 1801 ባሉት ዓመታት ወደ ግብጽ የገቡት የፈረንሳይ ባለሙያዎች ፍርስራሹን አይተው ነበር። የጥንቱን የግብጽ ጽሕፈት ምስጢር የፈታው ዣን ፍራንሷ ሻምፖልዮን እ.ኤ.አ በ1829 በቦታው ተገኝቶ ግራ የገባው አንድ ነገር ነበር። በግድግዳው ላይ የተቀረጸው ጢም ያለው ንጉሥ ሆኖ ሳለ፣ ከጎኑ ያለው ጽሑፍ ግን በአንስታይ ጾታ ይጠራዋል። የሴት ፈርዖን ታሪክ ተፍቆ የቆየ በመሆኑ ያን ጊዜ መልሱን የሚያውቅ አልነበረም።

ፈረንሳዊው ኦጉስት ማርዬት በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ቁፋሮ ከጀመረ በኋላ የፑንት ሥዕሎች ለዓለም ታወቁ። ሆኖም የታወቀ ቅርስ ሁልጊዜ የተጠበቀ ቅርስ አይሆንም። የፑንትን አለቃና ሚስቱን የሚያሳዩት ድንጋዮች ከግድግዳው ላይ ተነቅለው ወጥተዋል፤ አሁን የሚገኙት በካይሮ ሙዚየም ሲሆን በቦታቸው ላይ ያለው ቅጂያቸው ነው። ይህ ዓይነቱ ጥፋት ሥርዓት ያለው ምዝገባ እንደሚያስፈልግ ያመለከተ ይመስላል። ስዊዘርላንዳዊው ኤድዋርድ ናቪል እ.ኤ.አ ከ1893 እስከ 1899 ቤተ መቅደሱን ከአሸዋና ከድንጋይ ናዳ ሲያጸዳ፣ በግድግዳዎቹ ላይ የሚታየውን በሙሉ በሥዕል አስገልብጦ በበርካታ ጥራዞች አሳትሟል። ከገልባጮቹ አንዱ በኋላ እ.ኤ.አ በ1922 የቱታንካሙንን መቃብር ያገኘው ወጣቱ ሃዋርድ ካርተር ነበር።

ከዚያ በኋላ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ ኸርበርት ዊንሎክ ያደረገው ቁፋሮ ሌላ ጉድ አወጣ። በቤተ መቅደሱ አቅራቢያ በሚገኙ የድንጋይ መፍለጫ ጉድጓዶች ውስጥ የንግሥቲቱ ሐውልቶች ተሰባብረው ተጥለው ተገኙ። ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ማብራሪያ፣ የእንጀራ ልጇና ተከታይዋ ሣልሳዊ ቱትሞስ በቂም በቀል አሰባብሯቸዋል የሚል ነበር። በኋላ ግን ስሟ መፋቅ የጀመረው ከሞተች ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ በ2025 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ በርካታ ሐውልቶች የተሰበሩት አንገታቸው፣ ወገባቸውና ጉልበታቸው ላይ መሆኑን አስተውሏል። እንዲህ ያለው አሰባበር በሌሎች ፈርዖኖች ሐውልቶች ላይም የሚታይ በመሆኑ፣ የሐውልቱን ኃይል ለማብረድ የሚደረግ ልማዳዊ ሥርዓት ሊሆን እንደሚችል ጥናቱ ያመለክታል። መቶ ዓመት ገደማ በየመጽሐፉ ሲደጋገም የኖረ ታሪክ የቁፋሮውን የጥንት ማስታወሻ መልሶ በማንበብ ብቻ መሻሻሉን ልብ ይሏል።

እ.ኤ.አ ከ1961 ጀምሮ ሥራው በዋናነት የፖላንድና የግብጽ የጋራ ቡድን ነው። ቡድኑን ያቋቋሙት የዋርሶው ፕሮፌሰር ካዚሚየዥ ሚሃዎቭስኪ በሥራው መጀመሪያ ላይ፣ በሀትሼፕሱትና ከእርሷ 500 ዓመት በሚበልጥ ጊዜ በፊት በነገሠው በመንቱሆቴፕ ቤተ መቅደሶች መካከል የተቀበረውን የሣልሳዊ ቱትሞስን ቤተ መቅደስ አግኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ በትዕግሥት የሚሠራ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የተሰባበሩ ድንጋዮችን አንድ በአንድ መመዝገብ፣ ማዛመድና ወደ ቦታቸው መመለስን ይጠይቃል። የላይኛው እርከን ለጎብኚዎች ክፍት የሆነው እ.ኤ.አ በ2000 ነው። በጥር ወር እ.ኤ.አ 2025 ደግሞ የግብጽ አርኪኦሎጂስቶች፣ ከቤተ መቅደሱ በሚወርደው መንገድ ግርጌ የነበረውን የሸለቆ ቤተ መቅደስ መሠረትና ከ1 ሺ 500 በላይ ባለ ቀለም ቅርጽ ድንጋዮች ማግኘታቸውን አስታውቀዋል። ስለዚህም ሥራው ገና አላለቀም።

አሁን ወደ ፑንት ጥያቄ እንመለስ። ግድግዳው ላይ አገሪቱ የምትገኝበት ርቀትም ሆነ አቅጣጫ አልተጻፈም። በመሆኑም አንዳንዶቹ ሶማሊያ፣ አንዳንዶቹ ዐረቢያ፣ ሌሎች ምሥራቅ ሱዳንን ከኤርትራና ከሰሜን ኢትዮጵያ ጋር አያይዘው ሲጠቅሱ ቆይተዋል። ለአፍሪካ የሚያደላው የመጀመሪያው ማስረጃ ሥዕሉ ራሱ ነው። ቀጭኔና አውራሪስ ይታዩበታል። ከዚህም በላይ የፖላንዱ ቡድን አባል ፊሊፕ ታቴርካ በሥዕሉ ላይ አንድ ትልቅ ወፍ ለይተዋል። ረጃጅም እግሮች ያሉት፣ ሣር ለሣር እየተራመደ እባብ የሚያድን ከአፍሪካ ውጭ የማይኖር ወፍ ነው። እንዲህ ያሉ እንስሳት የሚኖሩበትን አገር በዐረቢያ መፈለግ ያስቸግራል።

ሁለተኛው ማስረጃ የመጣው ከባሕር ዳርቻ ነው። በግብጽ የቀይ ባሕር ጠረፍ መርሳ ጋዋሲስ በሚባል ሥፍራ፣ ካትሪን ባርድና ሮዶልፎ ፋቶቪች የመሩት ቡድን እ.ኤ.አ ከ2001 ጀምሮ ባደረገው ቁፋሮ በዋሻ ውስጥ ተጠቅልለው የተቀመጡ የመርከብ ገመዶች፣ የመርከብ እንጨቶችና የጭነት ሣጥኖች አግኝቷል። በሣጥን ላይ የፑንት ስምና ከሀትሼፕሱት 300 ዓመት ገደማ በፊት የነገሠው የራብዓዊ አመነምሃት ስም ተጽፎ ተገኝቷል። ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል የመጡ የሸክላ ስብርባሪዎችም ተለይተዋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ለአገራችን እንግዳ አይደሉም፤ ከ1993 እ.ኤ.አ ጀምሮ በአክሱም ቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ላይ ለዓመታት የቆፈሩ ናቸው። የአካባቢያችንን ሸክላ በግብጽ ጠረፍ ላይ ሲያዩት ሊለዩት የቻሉትም አስቀድመው እዚህ በመሥራታቸው ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ማስረጃ ከዝንጀሮ የተገኘ ነው። ግብጻውያን ሐማድርያስ የተባለውን ዝንጀሮ ያከብሩት ስለነበር ሲሞት ሬሳውን እንዳይበሰብስ አድርገው ያስቀምጡት ነበር። ዝንጀሮው ግን የግብጽ ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2020 የወጣ ጥናት በ77 ቦታዎች ከሚኖሩ 155 ዝንጀሮዎች የተወሰደን ናሙና ከጥንቶቹ ጥርስና ፀጉር ጋር አነጻጽሯል። እንስሳው በሚበላውና በሚጠጣው ነገር አማካይነት የተወለደበት ምድር ንጥረ ነገር በጥርሱ ላይ ይቀራልና፣ ውጤቱ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ጅቡቲን እንዲሁም የሶማሊያንና የየመንን ከፊል ያካተተ ሰፊ ቀጣና አመለከተ። በ2023 እ.ኤ.አ የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ፣ ከሀትሼፕሱት ብዙ ዘመን በኋላ የኖረ አንድ ዝንጀሮ ከኤርትራ ጠረፍ፣ በኋላ አዱሊስ ወደብ ከቆመበት አካባቢ መምጣቱን አሳይቷል። በነገራችን ላይ ይህ ዝንጀሮ በጉና ላይ በመንጋ ከሚታየው ጭላዳ የተለየ ነው። ጭላዳው የደጋ ሣር በል ሲሆን፣ ሐማድርያስ የደረቅ ቆላ ነዋሪ ነው። የጉብኝት ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ባልደረቦች ሁለቱን እንዳያምታቱ ማስታወስ ይገባል።

ከነዚህ ሌላ አንድ አጭር ጽሑፍ አለ፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከሁሉም የበለጠ ትኩረቱን የሳበው ይኸው ነው። በግብጽ ደልታ ዳፍና በተባለ ሥፍራ የተገኘና ከሀትሼፕሱት 800 ዓመታት ገደማ በኋላ በ26ኛው ሥርወ መንግሥት የተቀረጸ የድንጋይ ጽላት፣ በፑንት ተራራ ላይ የዘነበን ዝናብ ከዓባይ ወንዝ መሙላት ጋር አያይዞ ይጠቅሳል። ዝናብና ተራራ፣ የዓባይም ሙላት በአንድነት የተጠቀሱባትን አገር ከኢትዮጵያ ደጋዎች አርቆ ማሰብ ቀላል አይደለም። ሆኖም ተራራው ጉና ነው፣ ስሜን ነው ወይም ጮቄ ነው ለማለት የሚያስችል ቃል በጽላቱ ላይ የለም።

እንግዲህ ማስረጃውን በልኩ ማስቀመጥ ይገባል። ፑንት በአፍሪካ ቀንድና በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ አካባቢ እንደነበረች፣ የዛሬይቱ ኢትዮጵያ ከፊል ምድርም ቢያንስ ሸቀጡ ከሚመጣበት ቀጣና ውስጥ እንደሚገባ መናገር በጥናት የተደገፈ ነው። ከዚያ አልፎ አንድን ወረዳ ወይም አንድን ከተማ የፑንት መናገሻ ነው ብሎ ማተም ግን ደጋፊ የለውም። በዛሬው ድንበር የአንድ አገር ብቻ ናት ማለትም እንደዚሁ ነው። ግብጻውያኑ በምድራችን ላይ ያረፉበት ወደብ እስከ አሁን በቁፋሮ አልተገኘም። አንድ ቀን ቢገኝ በገበሬ ማረሻ ወይም በመንገድ ሥራ ማሽን ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንኛውም ሰው በአጋጣሚ ያገኘውን ቅርስ ለባለሥልጣኑ የማሳወቅና እንዳለ የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ መቆፈርም የተከለከለ ነው። አሁን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተብሎ የሚጠራው መሥሪያ ቤት በየቀበሌው ሊገኝ ስለማይችል፣ የመጀመሪያው መረጃ የሚደርሰው ለወረዳ ሠራተኛ ነው። ከአፈር የወጣ ሸክላ ወይም ድንጋይ ከነበረበት ተነሥቶ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ግማሽ ምስክርነቱን ያጣል። ለአርኪኦሎጂ ባለሙያ ዕቃው ከምን ጋር፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ በየትኛው የአፈር ንጣፍ ላይ እንደነበረ ማወቅ ከዕቃው ከራሱ አያንስም።

ቁፋሮ ሳያስፈልገው በምድራችን ላይ የቆመ አንድ ምስክር ደግሞ አለ፤ የዕጣን ዛፉ። በሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚባለው፣ በአማርኛ ዋልያ መቀር በመባል የሚታወቀው ይህ ዛፍ በመተማና በቋራ ቆላዎች፣ እንዲሁም በተከዜና በዓባይ ሸለቆዎች ይበቅላል። በጋይንት ቤተልሔምም ሆነ በእስቴ ማሕደረ ማርያም በቅዳሴ ጊዜ ጽና ላይ የሚጨሰው፣ በየቤቱም ለቡና የሚታጠነው ነጭ ዕጣን ከዚህ ዓይነት ዛፍ የሚገኝ ነው። ከሀትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ካህናት ወዲህ አገልግሎቱ ብዙም አልተለወጠም።

የዛፉ ይዞታ ግን አሳሳቢ ነው። እ.ኤ.አ በ2012 ከመተማ አካባቢ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የቀረበ ጥናት፣ ሁኔታው ካልተለወጠ የዛፉ ቁጥር በ50 ዓመታት ውስጥ በ90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ገልጿል። እ.ኤ.አ በ2019 በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን የሚገኙ 23 የዛፉ መገኛዎችን ያካተተው ሰፊ ጥናትም፣ ከነዚህ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ወጣት ዛፍ እንደሌለና ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊወርድ እንደሚችል አመልክቷል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በዕጣን ቆራጮች ላይ ብቻ ይጥላል። ይሁንና የመተማው ጥናት፣ ዕጣን የማይቆረጥላቸው ዛፎችም ከሚቆረጥላቸው ባልተናነሰ እየተመናመኑ መሆናቸውን አሳይቷል። ችግኙ ይበቅላል፤ ከብት ይግጠዋል፣ በበጋ የሚለኮሰው እሳት ይበላዋል፣ መሬቱም ለሰሊጥ ይመነጠራል። አንጋፋዎቹ ዛፎች በጥንዚዛና በነፋስ ሲወድቁ የሚተካቸው አይገኝም። ተመራማሪዎቹ የሚያቀርቡት መፍትሔ፣ ቦታውን ከግጦሽና ከእሳት ለበርካታ ዓመታት ከልሎ መጠበቅ፣ ዛፉን እያሳረፉ መቁረጥና በአንድ ዛፍ ላይ የሚደረገውን የመቁረጫ ቁስል መወሰን ነው።

በደይር ኤል ባሕሪ የመግቢያ በር አጠገብ እስከ ዛሬ የሚታዩ ሁለት የዛፍ ጉቶዎች አሉ። አስጎብኚዎች ከፑንት የመጡት የዕጣን ዛፎች ናቸው እያሉ ያሳዩአቸዋል። የባለሙያዎች ምርመራ የሚያሳየው ግን ግብጻውያን በየቤተ መቅደሱ ይተክሉት የነበረው ፐርሲያ የተባለው ዛፍ ጉቶዎች መሆናቸውን ነው። የ31ዱ ዛፎች ሥር እስከ አሁን አልተገኘም።